ሱሰኛውን ዳኛ ይየው ወይስ ሐኪም?

ሰሞኑን ምሳ አብረውኝ ለበሉ ወዳጆቼ፣ ‹‹ሱሰኛ መታሰር አለበት ትላላችሁ?›› የሚል ጥያቄ አቀረብኩላቸው፡፡ አብዛኞቹ ሳያመነቱ፣ ‹‹እንዴታ!›› አሉኝ፡፡ ጥቂት ቆይቼ፣ ‹‹ሱሰኛው የገዛ ልጃችሁ ቢሆንስ?›› ስላቸው ገበታው ፀጥ አለ፡፡ ቀድሞ ‹‹ይታሰር›› ያለው ወዳጄ፣ ‹‹ልጄ ከሆነማ አማኑኤል ሆስፒታል እወስደዋለሁ እንጂ ለፖሊስ አልሰጠውም›› አለ፡፡

የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስብ ሰው ይህችን ልብ ይበል፡፡ ለጎረቤት ልጅ እስር፣ ለራስ ልጅ ሕክምና እንመርጣለን፡፡ ሕግ ግን ለሁለቱም አንድ ነው፡፡

ሱሰኛ መሆንና ወንጀል መፈጸም የተለያዩ ነገሮች ናቸው፡፡ የካሊፎርኒያ ሕግ በአንድ ወቅት የዕፅ ሱሰኛ መሆንን ብቻ ቢያንስ በ90 ቀናት እስራት ይቀጣ ነበር፡፡ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1962 በሮቢንሰን ጉዳይ፣ ይህ በሽታን መቅጣት ነው ሲል ሕጉን ውድቅ አደረገው፡፡ የሚያሳዝነው፣ ሮቢንሰን ውሳኔው ሲሰጥ በሕይወት አልነበረም፡፡ በ1968 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት በፓወል ጉዳይ፣ የመጠጥ ሱሰኛም ቢሆን በአደባባይ ሰክሮ ሲገኝ መቀጣቱ ሕገወጥ አይደለም አለ፡፡ መሆን አያስቀጣም፣ ማድረግ ግን ያስቀጣል ማለት ነው፡፡

በእኛ አገርም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ የሚያዘዋውረውን ብቻ ሳይሆን፣ ከሕግ ውጪ የሚጠቀመውንም ይቀጣል፡፡ በአንቀጽ 50 መሠረት ወንጀል ለመሥራት ሆን ብሎ የሰከረ ሰው፣ ‹‹ራሴን አላውቅም ነበር›› ብሎ አያመልጥም፡፡

ታዲያ ቅጣቱን ማንሳት ብቻውን ይበቃል? አይበቃም፡፡ የኦሪገን ግዛት መራጮች እ.ኤ.አ. በ2020፣ ለግል መጠቀሚያ የተያዘ ጥቂት ዕፅ ወንጀል እንዳይሆን ከ58 በመቶ በላይ በሆነ ድምፅ ወሰኑ፡፡ ሕክምናው ግን ዘገየ፣ መንገድ ላይ ዕፅ የሚወስደው ሰው የሕዝብ ብሶት ሆነ፡፡ በመስከረም 2024 ድርጊቱ እንደገና ወንጀል ሆነ፡፡ ፖርቱጋል ግን እ.ኤ.አ. በ2001 ቅጣቱን ስታነሳ ሕክምናውንም አብራ አስፋፋች፡፡ እስከ አሥር ቀን የሚበቃ ዕፅ የተያዘበትን ሰው የሚያነጋግረው ፍርድ ቤት ሳይሆን፣ ሦስት አባላት ያሉት ኮሚሽን ነው፡፡

ወጣት የሕግ ባለሙያ ሳለሁ፣ ለአረቄ ሲል የሰረቀ ደንበኛ ነበረኝ፡፡ ቅጣቱን ጨርሶ ሲወጣ እናቱ፣ ‹‹ልጄ፣ የሰረቀበትን ከፍሏል፤ የሚያሰርቀው ነገር ግን አብሮት ወጣ›› አሉኝ፡፡ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ታሰረ፡፡

ስለዚህ ‹‹ይታሰር ወይስ አይታሰር?›› ብለን ብቻ አንጠይቅ፡፡ ‹‹ሲወጣ ምን ይዞ ይውጣ?›› ብለንም እንጠይቅ፡፡ መልሱን የጎረቤትን ልጅ ሳይሆን የራሳችንን ልጅ እያሰብን እንስጥ፡፡