ትዊተር (የመኪና ድምፅ ማጉያ)

ይህ መጣጥፍ ስለ ድምፅ መሣሪያው ነው። ቀድሞ በዚሁ ስም ይጠራ ስለነበረው ማኅበራዊ መረብ ለማወቅ ኤክስ የሚለውን ይዩ።

ትዊተር ቀጭን ድምፆችን ብቻ እንዲያወጣ ተደርጎ የተሠራ ትንሽ ድምፅ ማጉያ (ስፒከር) ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ2,000 እስከ 20,000 ሄርዝ ያለውን ድግግሞሽ ይሸፍናል። ስሙ ከእንግሊዝኛ የመጣ ሲሆን የወፎችን ጭውጭውታ ያመለክታል። ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ ስፒከር ደግሞ ከውሻ ጩኸት በተወሰደ ስም ዉፈር ይባላል። ለብቻው የቆመ ትዊተር መጨመር የመኪናን ድምፅ ለማሻሻል ከሚደረጉ የተለመዱ ሥራዎች አንዱ ነው። በትክክል ካልተገጠመ ግን ትዊተሩ ሊቃጠል ወይም የመኪናው ቴፕ ሊጎዳ ይችላል። በኤርባግ መውጫ ላይ ከተገጠመ ደግሞ ለተሳፋሪ ሕይወት አደጋ ይሆናል።

ለምን ያስፈልጋል

ጤናማ የወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ያለውን ድምፅ ይሰማል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ የ20 ሄርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመት 17 ሜትር ገደማ ሲሆን የ20,000 ሄርዝ ግን 1.7 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ልዩነት አንድ ስፒከር ብቻውን በእኩል ጥራት ሊያወጣ አይችልም። ወፍራም ድምፅ ብዙ አየር የሚገፋ ሰፊ ገጽ ይፈልጋል። ቀጭን ድምፅ ደግሞ በሰከንድ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ መርገብገብ የሚችል ቀላልና ትንሽ ገጽ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ምክንያት የድምፅ አቅጣጫ ነው። የሞገዱ ርዝመት ከስፒከሩ ስፋት ጋር ሲቀራረብ ወይም ሲያንስ፣ ድምፁ በየአቅጣጫው መሰራጨቱን ትቶ እንደ ባትሪ መብራት ወደ ፊት ብቻ ይሄዳል። 16.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው የበር ስፒከር ይህ ከ2,000 ሄርዝ በላይ መታየት ይጀምራል። የበር ስፒከር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከተቀማጩ እግር አጠገብ ስለሚሆን ቀጭኑ ድምፅ ጆሮ ሳይደርስ ወንበርና ጉልበት ላይ ይቀራል።

የጎደለው ነገር በንግግር ላይ በቀላሉ ይታወቃል። እንደ «ሰ» እና «ፀ» ያሉ ድምፆች አብዛኛውን ጉልበታቸውን የሚይዙት ከ4,000 ሄርዝ በላይ ነው። ይህ ክልል ሲደክም ተናጋሪው በጨርቅ አፉን የሸፈነ ይመስላል። የጽናጽል ድምፅ፣ የክራር ክር ሲመታ የሚሰማው የመጀመሪያ ቅጽበትና የማሲንቆ ደጋን ሸካራነትም በዚሁ ክልል ላይ ይመረኮዛሉ።

ታሪክ

ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ባለ ጥቅል ሽቦ ስፒከር መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1925 ሲሆን፣ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች የነበሩት ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ አሠራሩን በጽሑፍ አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ1930 ፖልና ጆሴፍ ጋልቪን የተባሉ ወንድማማቾች በቺካጎ ሞቶሮላ የተባለውን የመኪና ሬዲዮ ለገበያ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ ኤድጋር ቪልቸር ኤ አር 3 በተባለው የቤት ስፒከር ላይ የጉልላት ቅርጽ ያለውን ትዊተር አስተዋወቀ። በዛሬ መኪኖች ውስጥ የሚገኙት ትዊተሮች አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ናቸው።

አሠራር

ትዊተር ማግኔት፣ በማግኔቱ ክፍተት ውስጥ የሚገኝ ቀጭን ጥቅል ሽቦና ከሽቦው ጋር የተያያዘ ትንሽ ጉልላት አለው። ኤሌክትሪክ በሽቦው ሲያልፍ ጉልላቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይርገበገባል። ጉልላቱ ከሐር ወይም ከሌላ ጨርቅ፣ ከአሉሚኒየም ወይም ከታይታኒየም ይሠራል። የጨርቅ ጉልላት ለስላሳ ድምፅ ሲሰጥ የብረቱ ደግሞ ጎላና ጠንከር ያለ ነው ይባላል፤ ሆኖም አሠራሩና አገጣጠሙ ከዕቃው ዓይነት ይልቅ ይወስናሉ።

የመኪና ስፒከሮች በሁለት ይከፈላሉ። በኮአክሲያል ስፒከር ትዊተሩ በትልቁ ስፒከር መካከል ላይ ይቀመጣል። ይህ ለመግጠም ቀላል ቢሆንም ትዊተሩ ከበሩ ታች አይወጣም። በተነጣጠለው ዓይነት ግን ዉፈሩ በበሩ ላይ ይቀርና ትዊተሩ ወደ ጆሮ ከፍታ ይወጣል።

ድምፅ ማከፋፈያ (ክሮስኦቨር)

ትዊተር ወፍራም ድምፅ ሊደርሰው አይገባም። ከደረሰው ጉልላቱ ከመጠን በላይ ይንቀሳቀሳል፣ ሽቦውም ግሎ ይቃጠላል። ይህን የሚከላከለው ክሮስኦቨር ሲሆን፣ ቀላሉ ዓይነት ከትዊተሩ ጋር በተከታታይ የሚያያዝ አንድ ካፓሲተር ነው። ካፓሲተር ቀጭኑን ድምፅ ያሳልፋል፣ ወፍራሙን ያግዳል።

የካፓሲተሩን መጠን በማይክሮፋራድ ለማግኘት 159,155ን በኦም እና በሄርዝ ብዜት ማካፈል ይበቃል። ለምሳሌ ባለ 4 ኦም ትዊተር ከ4,000 ሄርዝ ጀምሮ እንዲሠራ ከተፈለገ፣ 159,155 ለ16,000 ሲካፈል 9.95 ይሆናል፤ ስለዚህ ባለ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይመረጣል። ካፓሲተሩ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ያልተለየበት ዓይነት መሆን አለበት። አንድ ካፓሲተር ብቻ ሲኖር ከመነሻው በታች ድግግሞሹ በግማሽ በወረደ ቁጥር ድምፁ ወደ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ይህም ኃይሉ ወደ ሩብ ወረደ ማለት ነው። ጥቅል ሽቦ ሲጨመርበት ቅነሳው 12 ዴሲቤል ይደርሳል።

ትዊተሩ ነባሩን ስፒከር ሳይነካ በጎን (በፓራለል) ከተጨመረ፣ በቀጭኑ ድምፅ ክልል ሁለቱም በአንድ ጊዜ ስለሚሠሩ ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከሮች ወደ 2 ኦም ይጠጋሉ። ብዙ የመኪና ቴፖች ደግሞ ከ4 ኦም በታች እንዲያያዝባቸው አልተሠሩም። ለዚህ ነው የተሟላ ክሮስኦቨር ወፍራሙን ለዉፈር፣ ቀጭኑን ለትዊተር ለይቶ የሚሰጠው።

የዋት ጉዳይ

በቴፕ ካርቶን ላይ የሚጻፈው «50 ዋት በ4» የቅጽበት ጣሪያ እንጂ ዘወትር የሚገኝ ኃይል አይደለም። ሞተሩ ሲሠራ የመኪናው ኤሌክትሪክ ወደ 14.4 ቮልት ነው። በዚህ ቮልቴጅ ውስጠ ግንቡ አምፕሊፋየር ለ4 ኦም ስፒከር ሳያዛባ ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛ ዘላቂ ኃይል በስሌት 26 ዋት ያህል ነው፤ በተግባር ከዚያም ያንሳል። ድምፁ ከዚህ በላይ ሲገፋ ሞገዱ ይቆረጣል። የተቆረጠ ሞገድ በራሱ ተጨማሪ ቀጭን ድምፆችን ስለሚፈጥር ጫናው በትዊተሩ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ አነስተኛ ኃይል ያለው ቴፕም ትዊተር ሊያቃጥል ይችላል።

አገጣጠም

የሰው አንጎል ቀጭን ድምፅ ከየት እንደመጣ የሚለየው በዋናነት በሁለቱ ጆሮዎች መካከል ያለውን የጉልበት ልዩነት በማነጻጸር ነው። ትዊተሮቹ ከፍ ሲሉ ዘፋኙም ከእግር ሥር ሳይሆን ከዳሽቦርዱ በላይ የቆመ ይመስላል። የተለመዱት ቦታዎች ከስፖኪዮው ጀርባ ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን ክፍል፣ የዳሽቦርዱ ጥግና የፊት መስታወቱ ምሰሶ ናቸው። ዳሽቦርድ ላይ የተገጠመ ትዊተር ድምፁ ከመስታወቱ ላይ ነጥሮ ስለሚመለስ ጆሮ ሊወጋ ይችላል። ከመብሳት በፊት በጊዜያዊ ማጣበቂያ ይዞ በተለያየ አቅጣጫ ማዳመጥ ይመከራል።

የግራና የቀኙ ትዊተር ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ በአንድ ዓይነት መያያዝ አለባቸው። አንዱ ከተገለበጠ መካከል ላይ መሰማት ያለበት ድምፅ ይበታተናል። ትዊተሩ ከዉፈሩ ጎልቶ ከወጣ በተከታታይ ሬዚስተር ማዳከም ይቻላል፤ ሬዚስተሩ ኦሙን ስለሚለውጥ ግን ካፓሲተሩም አብሮ መታሰብ አለበት።

ጥንቃቄ

በብዙ መኪኖች የፊት ምሰሶው ውስጥ የመጋረጃ ኤርባግ አለ። በላዩ የተገጠመ ዕቃ የኤርባጉን መንገድ ሊዘጋ ወይም በአደጋ ጊዜ ወደ ተሳፋሪው ሊወረወር ይችላል። የኤርባግ ምልክት ያለበት ምሰሶ መበሳትም ሆነ መፈታት የለበትም። ሽቦ ከመቁረጥ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ መንቀል ያስፈልጋል።

ትዊተር በመረጃው ውስጥ የሌለውን ድምፅ አይፈጥርም። የኤፍ ኤም ሬዲዮ ስርጭት የሚደርሰው እስከ 15,000 ሄርዝ ነው፤ በጣም የተጨመቀ ኤምፒ3 ፋይል ደግሞ ጉድለቱ በጥሩ ትዊተር ይበልጥ ይሰማል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው 80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ማዳመጥን እንደ ጣሪያ ያስቀምጣል። ድምፁ ወደ 90 ዴሲቤል ሲያድግ ጊዜው ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። በጩኸት የሚመጣ የመስማት ጉዳት ቀድሞ የሚታየው ከ3,000 እስከ 6,000 ሄርዝ ባለው ክልል ነው። ይህም ትዊተር ከሚሠራበት ክልል ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ አንዴ ከተጎዳ አይመለስም።