በረከት ስምዖን፦ ከበረሃ ትግል እስከ ባሕር ዳር ችሎት

አቶ በረከት ስምዖን በኢሕአዴግ ዘመን ከፍተኛ ሥልጣን ከያዙ ነባር ታጋዮች መካከል በሙስና ተከሰው የተፈረደባቸው ፖለቲከኛ ናቸው። ከኤርትራ የዘር ሐረግ ካላቸው ወላጆች ጎንደር ውስጥ ተወልደው ያደጉ ሲሆን፣ ቤተሰብ ያወጣላቸው ስም መብራህቱ ገብረሕይወት ነው። አገር የሚያውቃቸው ግን በትግል ስማቸው ነው። በ1960ዎቹ እንደ ብዙዎቹ የዘመናቸው ወጣቶች ኢሕአፓን ተቀላቀሉ። የኢሕአፓ ሠራዊት በትግራይ ከሕወሓት ጋር ተዋግቶ ከተሸነፈ በኋላ ከድርጅቱ የተነጠሉ ታጋዮች በኅዳር 1973 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄን፣ በአጭሩ ኢሕዴንን፣ ሲመሠርቱ አቶ በረከት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ሌላው መሥራች አቶ ታምራት ላይኔ ነበሩ። ኢሕዴን ከሕወሓት ጋር ሆኖ ኢሕአዴግን አቋቋመ፤ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ኃይል አካል ሆነ፤ በ1986 ዓ.ም. ደግሞ ስሙን ለውጦ የአማራ ብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ፣ ብአዴን፣ ተባለ።

የአቶ በረከትን አወዳደቅ ለመረዳት ከሳቸው በፊት የወደቁትን የትግል ጓዳቸውን ታሪክ ማየት ያስፈልጋል። አቶ ታምራት በሽግግሩ መንግሥት ከ1983 እስከ 1987 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። አዲሱ ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ ሲውልና አቶ መለስ ዜናዊ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ፣ እሳቸው ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የመከላከያ ሚኒስትር ሆኑ። በጥቅምት 1989 ዓ.ም. ከመንግሥትም ከድርጅትም ኃላፊነታቸው ተነሡ፤ በፓርላማ ፊት ቀርበውም ጥፋታቸውን አመኑ። አንድ የኢሕአዴግ ቁንጮ በአደባባይ እንዲህ ሲዋረድ ሕዝቡ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ጉዳያቸው ዓመታት ፈጅቶ በ1992 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙስናና ሥልጣንን ያለአግባብ በመጠቀም የ18 ዓመት እስራት ፈረደባቸው። የወጡት በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ነው። 12 ዓመት ታስረዋል፤ ይህም ሕጉ ለአመክሮ የሚጠይቀው የቅጣቱ ሁለት ሦስተኛ ነው። በወኅኒ ሳሉ የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ ሆነው ነበርና ከተፈቱ በኋላ በየቤተ ክርስቲያኑ እየተጋበዙ ሕይወታቸውን መስክረዋል።

አቶ ታምራት ሲታሰሩ አገሪቱ ሙስናን ብቻ የሚከታተል መሥሪያ ቤት አልነበራትም። የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን የተቋቋመው በ1993 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 235 ነው። ዓመቱ ልብ ሊባል ይገባል። ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት ባበቃ ማግሥት ሕወሓት ለሁለት ተሰንጥቆ ነበር፤ ከተሸነፈው ወገን ዋነኛ የነበሩት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ ከጥቂት ወራት በኋላ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ዋስትና ፈቀዱላቸው። አቶ ስዬ ግን ከፍርድ ቤቱ ደጅ እንደወጡ ተመልሰው ተያዙ። በዚያው ሰሞን ፓርላማው ገና ጥቂት ሳምንታት ያስቆጠረውን የፀረ ሙስና ሥነ ሥርዓት ሕግ በአዋጅ ቁጥር 239 አሻሽሎ በሙስና የተጠረጠረ ሰው በዋስ እንዳይለቀቅ ከለከለ። ለሁሉም ዜጋ የሚሠራ ሕግ በአንድ ሰው ጉዳይ ላይ ተንተርሶ ሲወጣ በሕጉም በፍርድ ቤቱም ላይ ያለው እምነት ይጎዳል፤ ያ ጉዳት ከዚያ በኋላ በመጡት የሙስና ክሶች ሁሉ ላይ ጥላውን አጥልቷል። አቶ ስዬ ስድስት ዓመት ያህል ታስረው በ1999 ዓ.ም. ወጡ። በኋላም ወይዘሪት ብርቱካን የመሠረቱትን አንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትሕ ፓርቲ ተቀላቀሉ።

ማዕበሉ ደቡብንም አልማረም። የደቡብ ክልል ርዕሰ መስተዳድር የነበሩት የሲዳማው ፖለቲከኛ አቶ አባተ ኪሾ በሕወሓት ክፍፍል ከተሸናፊዎቹ ጎን ቆመው ነበር። በዚያው ዓመት ከሥልጣን ተነሥተው በሙስና ተከሰሱ፣ ታሰሩም። በቦታቸው የተተኩት አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ከ11 ዓመት በኋላ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

ለአቶ በረከት ግን 1993 ዓ.ም. የከፍታ መጀመሪያ ነበር። በዚያ ዓመት የተሰነጠቀው ሕወሓት እንጂ ብአዴን አልነበረም፤ የብአዴን ሰዎች በአብዛኛው ከአቶ መለስ ጋር ቆሙ። አቶ በረከት የማስታወቂያ ሚኒስትር ሆኑ። በ1997ቱ ምርጫ የገዢው ፓርቲ ዋና ተናጋሪ እሳቸው ነበሩ፤ በየመግለጫው የተቃዋሚዎችን ክስ የሚመልሱት፣ ከውጭ ጋዜጠኞች ጋር የሚከራከሩትም እሳቸው። በወሎ በቡግና ምርጫ ክልል ራሳቸው ተወዳድረው በመጀመሪያው ቆጠራ ተሸነፉ፤ ምርጫው ተደግሞ አሸናፊ ተባሉ። ከዚያም የጠቅላይ ሚኒስትሩ አማካሪ፣ ቀጥሎም የመንግሥት ኮሙኒኬሽን ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ሚኒስትር ሆኑ። የ1997ን እና የ2002ን ምርጫዎች በራሳቸው ዕይታ የተረኩበትን «የሁለት ምርጫዎች ወግ» የተባለ መጽሐፍም አሳተሙ። ነሐሴ 15 ቀን 2004 ዓ.ም. የአቶ መለስ ዜናዊን ሞት ለሕዝብ ያስታወቁትም እሳቸው ናቸው።

ከመለስ በኋላ ኮከባቸው ቀስ በቀስ ደበዘዘ። ከሚኒስትርነት ወደ ፖሊሲ ጥናትና ምርምር ማእከል ተዛወሩ። አገሪቱ በተቃውሞ በምትናጥበት በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ደግሞ በገዛ ፈቃዳቸው ከመንግሥት ሥራ ለመልቀቅ ጠየቁ፤ ጥያቄያቸውም ተቀባይነት አገኘ።

እስከዚህ ድረስ ያለው የአንድ ፖለቲከኛ የተለመደ ሕይወት ነው። የተከሰሱበት ጉዳይ የሚገኘው ከፖለቲካው ጎን ለጎን በያዙት ሌላ ወንበር ላይ፣ ማለትም በጥረት ነው።

ኢሕአዴግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ በ1980ዎቹ ማብቂያ እያንዳንዱ አባል ድርጅት በክልሉ ስም የሚነግድ ተቋም አቋቋመ። በትግራይ ትእምት፣ በኦሮሚያ ዲንሾ፣ በደቡብ ወንዶ፣ በአማራ ደግሞ ጥረት ይባሉ ነበር። የሕግ ቅርጻቸው ኢንዶውመንት ነው። ይህ ማለት ሀብቱ ባለአክሲዮን የለውም፤ ትርፍ አይከፋፈልም፤ ገንዘቡ ለተቋቋመበት ዓላማ፣ ለክልሉ ልማት፣ ብቻ መዋል አለበት። በጥረት ሥር የጎንደሩ ዳሸን ቢራ፣ አምባሰል የንግድ ሥራዎች፣ ጥቁር አባይ ትራንስፖርትና ሌሎችም ነበሩ። በሥራ አስፈጻሚነት የመሩት አቶ ታደሰ ካሳም ሆኑ በቦርድ አመራርነት የሠሩት አቶ በረከት የብአዴን ነባር ታጋዮች ናቸው።

ይህ አወቃቀር የራሱ አደጋ አለው። የአክሲዮን ኩባንያ ቢሆን ባለድርሻው በዓመታዊ ጉባኤ ተነሥቶ ትርፉ የት ገባ ብሎ ይጠይቃል። የመንግሥት የልማት ድርጅት ቢሆን ዋና ኦዲተር ይመረምረዋል፤ ሪፖርቱም ፓርላማ ይቀርባል። ጥረት የአማራ ሕዝብ ነው ተባለ፤ ከሕዝቡ መካከል ግን በስሙ ገብቶ መዝገብ ማገላበጥ የሚችል ሰው አልነበረም። አመራሩን የሚመድበውም የሚሽረውም ያው ፓርቲ ነው። የጉራጌዋን እምድብር ከወልቂጤና ከሆሳዕና ጋር ካገናኘው መንገድ ታሪክ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። በ1950ዎቹ የተመሠረተው የጉራጌ የመንገድ ሥራ ድርጅት የተንቀሳቀሰው በአዲስ አበባና በየከተማው የሚሠራው ነጋዴና በየመንደሩ ያለው ገበሬ ባዋጣው ገንዘብ ነው። ያዋጣ ሰው ገንዘቡ የት እንደደረሰ በዓይኑ ያያል፤ ካልደረሰም የሚጠይቀው ሰው ያውቃል። በጥረት ላይ የጎደለው ይህ ነው። ሰዎቹ ሰርቀዋል ወይስ አልሰረቁም ከሚለው ክርክር በፊትም ጉድለቱ ነበረ።

ዳሸን ቢራ በ2004 ዓ.ም. ለውጭ ባለሀብቶች ተከፈተ። ዱየት እና ቫሳሪ የተባሉ ኩባንያዎች በ90 ሚሊዮን ዶላር ከፍተኛ ድርሻ ገዙ፤ በደብረ ብርሃንም ሁለተኛ ፋብሪካ ተተከለ። በዚያን ጊዜ ይህ እንደ ስኬት የተነገረ ዜና ነበር። የጥረት የኢንቨስትመንት ውሳኔዎች፣ የአክሲዮን ሽያጭና ግዢዎች ጥያቄ የተነሣባቸው በ2010 ዓ.ም. የፖለቲካው ነፋስ ሲዞር ነው። ዶክተር ዐቢይ አሕመድ ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆኑ ከአምስት ወር ገደማ በኋላ፣ በነሐሴ፣ ብአዴን አቶ በረከትንና አቶ ታደሰን በጥረት አመራር ላይ ፈጽመውታል በተባለ ጥፋት ከማዕከላዊ ኮሚቴ አገዳቸው። በዚያው ሰሞን አቶ በረከት ደብረ ማርቆስ ገብተዋል የሚል ወሬ ተነዝቶ የተቆጣ ሕዝብ አንድ ሆቴል ከበበ፤ ንብረት ወደመ፣ መኪና ተቃጠለ። ፍርድ ቤት ገና ስማቸውን ሳይጠራ አደባባዩ ፈርዶባቸው ነበር። ለፍትሕ የሚቆረቆር ሰው፣ ፖለቲካቸውን ቢጠላ እንኳ፣ ይህን ሊያልፈው አይገባም።

ጥር 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ሁለቱ ሰዎች አዲስ አበባ ከየቤታቸው ተይዘው ወደ ባሕር ዳር ተወሰዱ። የያዛቸው የአማራ ክልል የፀረ ሙስና ኮሚሽን የከፈተው መዝገብ ነው። በሥራ ላይ ያለው ሕግ ከ1993ቱ የላላ ነው፤ ዋስትና የሚከለክለው ከ10 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ የሙስና ክስ ብቻ ነው። ሁለቱም ግን ጉዳያቸውን የተከታተሉት ታስረው ነው። ባሕር ዳር ላይ ሊቆምላቸው የሚደፍር ጠበቃ ማግኘት እንደተቸገሩም ለችሎቱ አመልክተዋል።

ክሱ በሕግ የቆመበትን መሠረት ለመረዳት የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007ን ማየት ይረዳል። አዋጁ የመንግሥት ሠራተኛን ብቻ ሳይሆን «ሕዝባዊ ድርጅት» ያለውን፣ ከአባላት ወይም ከሕዝብ የተሰበሰበ ገንዘብና ንብረት የሚያስተዳድር ተቋም ሠራተኛንም ይይዛል። የፖለቲካ ፓርቲን፣ የሃይማኖት ድርጅትንና እድርን ግን በግልጽ አስቀርቷል። የእድሩ መቅረት ተገቢ ነው፤ እድርተኛው ዳኛውን ራሱ ይመርጣል፣ ሒሳቡንም ራሱ ይሰማል። የፓርቲዎች መቅረት ግን ሊታሰብበት ይገባል፤ የኢትዮጵያ ፓርቲዎች ከእድር የሚበልጥ ገንዘብ በእጃቸው ይገባልና።

ተከሳሾቹ ጥፋተኛ አይደለንም ብለው ተከራከሩ፤ የተከሰሱበትን ውሳኔም ከፖለቲካ ጋር አያያዙት። በ2012 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተባሉ። አቶ በረከት በ6 ዓመት እስራትና በ10,000 ብር፣ አቶ ታደሰ በ8 ዓመት እስራትና በ15,000 ብር ተቀጡ። ቅጣቱ ብዙ ሰው ከጠበቀው አነስተኛ ነበር። ከ20 ዓመት በፊት በአቶ ታምራት ላይ ከተፈረደው ጋር ሲተያይ የአቶ በረከት እስራት ሲሶው ነው።

በሁለቱ ፍርዶች መካከል ባሉት ዓመታት የባለሥልጣናት ክስ በሌላም መንገድ ተለውጧል። አቶ ታምራት የተዳኙት በጠቅላይ ፍርድ ቤት በመጀመሪያ ደረጃ ስለነበር ይግባኝ የሚሉበት የበላይ ፍርድ ቤት አልነበራቸውም። የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር የነበሩት አቶ መላኩ ፈንታ በግንቦት 2005 ዓ.ም. ሲያዙ ይኸው ጥያቄ እንደገና ተነሣ። የሚኒስትር ማዕረግ ያለው ሰው በጠቅላይ ፍርድ ቤት ይዳኝ የሚለው ሕግ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ተመራ፤ ምክር ቤቱም የይግባኝ መብትን ስለሚነፍግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናል ብሎ በ2006 ዓ.ም. ወሰነ። ጉዳዩ በከፍተኛው ፍርድ ቤት ታየ። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አተረጓጎም ታሪክ ለተከሳሽ መብት ከቆሙት ጥቂት ውሳኔዎች አንዱ ይህ ነው። የትኛው ፍርድ ቤት ይዳኝ የሚለው ጥያቄ ቀላል ቢመስልም የፖለቲከኛን ዕጣ ይወስናል፤ የብራዚሉ ሉላ ዳ ሲልቫ በሙስና ከ580 ቀን እስር በኋላ ፍርዳቸው በ2021 እ.ኤ.አ. የተሻረው የፈረደባቸው ፍርድ ቤት ሥልጣን አልነበረውም ተብሎ ነው። አቶ መላኩ ላይ የቀረበው ክስ ግን እስከ ፍርድ አልደረሰም። በ2010 ዓ.ም. መንግሥት ክሱን አቋርጦ ለቀቃቸው፤ በኋላም የአማራ ባንክን ቦርድ በሰብሳቢነት መሩ። አምስት ዓመት ታስሮ ክሱ ያለ ውሳኔ ሲቋረጥ፣ ሰውዬው ጥፋተኛ ከሆነ ሕዝብ ገንዘቡን አያስመልስም፤ ንጹሕ ከሆነም ስሙን የሚያጠራለት ፍርድ አያገኝም።

አቶ በረከት የተፈቱት ሦስት ዓመት ያህል ከታሰሩ በኋላ፣ በጥር 2014 ዓ.ም. ነው። ሲታሰሩ በሥልጣን ላይ የነበረው ኢሕአዴግ በዚያን ጊዜ ፈርሷል፤ የመሠረቱት ብአዴንም መጀመሪያ ስሙን አዴፓ ብሎ ለውጦ፣ በኋላ ወደ ብልጽግና ፓርቲ ተዋሕዷል።