አንድ ሥዕል ሰባት ዓመት፣ አንድ ሥዕል ሃያ ዓመት

ስፔናዊው ሠዓሊ አንቶኒዮ ሎፔዝ ጋርሲያ በ1990 መከር ላይ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ማድሪድ ባለው ግቢያቸው የበቀለች የመምብሪዮ ዛፍ ለመሣል ተነሡ። መምብሪዮ ሲበስል ደማቅ ቢጫ የሚሆን፣ ፖም የሚመስል ፍሬ ነው። ሠዓሊው ቀለም ከመንካታቸው በፊት ሁለት ሚስማር መሬት ላይ መቱ፤ በየቀኑ የጫማቸውን ጫፍ የሚያስጠጉበት ምልክት ነው። ከዛፏ ፊት እንደ ግንበኛ ቱንቢ አንጠለጠሉ፣ አግድም ገመድ ወጠሩ። በቀጭን ብሩሽ ፍሬውም ቅጠሉም ላይ ነጭ ምልክት አደረጉ።

ፍሬ ግን እየበሰለ በሄደ ቁጥር ይከብዳል፣ ቅርንጫፉም ይጎነበሳል። ነጩ ምልክት ወደ ታች ሲወርድ ሎፔዝም ሥዕሉን ወደ ታች ያወርዱታል። ዝናቡ መጣ፤ የፈለጉት ፀሐይ ጠፋ። የዘይት ቀለሙን ሥራ ትተው በእርሳስ ሌላ ጀመሩ፤ እሱም ሳያልቅ ፍሬው ረገፈ። ይህንን ሁሉ ዳይሬክተር ቪክቶር ኤሪሴ ቀርጾት በ1992 በካን ፌስቲቫል የዳኞች ሽልማት ያገኘ ፊልም ሆነ።

ታዲያ ለምን ፎቶ አንሥተው ከፎቶው አይሥሉም? ፎቶ አንዲት ቅጽበት ይዞ ይቀራል። ሎፔዝ የሚሹት ነገሩ ፊታቸው ሆኖ የሚያዩትን ነው፤ የሚያዩት ደግሞ በየሰዓቱ ይለዋወጣል። ስለዚህ ያው ብርሃን እስኪመለስ ይጠብቃሉ። ግራን ቪያ የተባለውን የማድሪድ ጎዳና ሲሥሉ በበጋ ጎሕ ሲቀድ ወጥተው የሚሠሩት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። ብርሃኑ ሲለወጥ ዕቃቸውን ሰብስበው ይመለሳሉ። አንድ ሜትር እንኳ የማይሞላው ይህ ሥዕል ከ1974 እስከ 1981 ፈጀ። ሥዕሉ ላይ ያለው የመንገድ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 12፡30 ይላል።

ፎቶ የተጠቀሙበት ጊዜም አለ። የስፔን ንጉሣውያን ቤተሰብ ሥዕል በ1994 ሲጀመር ንጉሡና ቤተሰባቸው ለወራት ተቀምጠው ሊሣሉ ስለማይችሉ ከፎቶ ሠሩ። እንዲያም ሆኖ ያለቀው በ2014 ነው። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ የሎፔዝ ዝግታ ከዘዴው ብቻ የሚመጣ አለመሆኑን ነው፤ ያዩት ሳይጥማቸው «በቃ» ማለት አይሆንላቸውም።

የተወለዱት በ1936 ላ ማንቻ ውስጥ በምትገኘው ቶሜዮሶ ነው። ልጅ ሳሉ የድሮ ሥዕሎችን ከኅትመት ይገለብጡ ነበር። አጎታቸው ሠዓሊው አንቶኒዮ ሎፔዝ ቶሬስ ግን ያንን አስትተው በዕቃዎች ፊት አስቀመጧቸው። ስቲል ላይፍ የሚባለው፣ ማለትም ጠረጴዛ ላይ ያለን ዕቃና ምግብ መሣል፣ የመጀመሪያ ትምህርታቸው ሆነ። በ13 ዓመታቸው ወደ ማድሪድ ሄደው በሳን ፈርናንዶ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሩ። ከ1964 እስከ 1969 እዚያው ተመልሰው የቀለም አጠቃቀም አስተማሩ። ካረጁ በኋላም ማስተማሩን አልተዉትም፤ ሠዓሊዎች ለአጭር ጊዜ እየተሰበሰቡ ሥራቸውን የሚያሳዩዋቸውና የሚመከሩባቸው ኮርሶች ይሰጣሉ።

የሚሥሏቸው ዕቃዎች የሚያምሩ ተብለው የተመረጡ አይደሉም፤ በመስታወት ሳህን ላይ የተጋደመ የተገፈፈ ጥንቸል፣ ምግብ የያዘ ክፍት ማቀዝቀዣ፣ የመታጠቢያ ቤት ሲንክ። ለተማሪ የሚጠቅመው ትልቁ ነገር ደግሞ ስሕተታቸውንና ልኬታቸውን አለመደበቃቸው ይመስለኛል። ቀርቦ ላየ ሰው በእርሳስ የተሰመረው መስመር፣ የተቀየረው ጠርዝ ሸራው ላይ ይታያል።

ይህንን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ አሜሪካ ያለ አንባቢ ወደ ቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይሂድ። እዚያ በ1967 የሠሩት «ሲንክና መስታወት» አለ። ሲንኩ ከላይ ወደ ታች፣ መስታወቱ ደግሞ ከፊት ለፊት የታየ ነው፤ አንድ ሰው ቆሞ ሁለቱን በአንድ እይታ ሊያይ አይችልም። ሎፔዝ ሁለቱን እይታዎች ለየብቻ ሠርተው የተገናኙበትን ቦታ ሳያለሳልሱ ተውት። መገጣጠሚያው በግድግዳው ሴራሚክ ላይ፣ ከመስታወቱ በታች ነው።