የኩፍኝ ቫይረስ ገበር

በየቤታችን ስለ ኩፍኝ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የምንሰማው «የልጅ በሽታ ነው፤ ወጥቶለት ካለፈ ተገላገለ» የሚል ነው። እውነትም አብዛኛው ልጅ ሽፍታው ይጠፋለታል፣ ትኩሳቱ ይበርድለታል፣ ወደ ጨዋታውም ይመለሳል። ጥቂቶች ላይ ግን ቫይረሱ ከሰውነት ሳይወጣ ይቀራል። ከዓመታት በኋላ፣ ወላጆች ኩፍኙን ፈጽሞ በረሱበት ጊዜ፣ በልጁ አንጎል ውስጥ ሆኖ ይገለጣል። ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል? መልሱ በአብዛኛው ስሙ እምብዛም በማይነሳ አንድ ፕሮቲን ዙሪያ ነውና በዛሬው ዝግጅታችን እሱን እንመለከታለን።

በኩፍኝ ቫይረስ መሐል አር ኤን ኤ የሚባል፣ የቫይረሱን የዘር መረጃ የተሸከመ ረጅም ክር በፕሮቲን ተጠቅልሎ ይገኛል። ከውጭ ደግሞ ከሰው ሕዋስ የወሰደውን ስስ የስብ ሽፋን ለብሷል። በዚህ ሽፋን ላይ እንደ እሾህ የቆሙ ሁለት ዓይነት ፕሮቲኖች አሉ፤ አንደኛው ሕዋሱን ይይዛል፣ ሌላው የቫይረሱን ሽፋን ከሕዋሱ ሽፋን ጋር ያዋህዳል። በሽፋኑና በክሩ መካከል ያለው ነው እንግዲህ ማትሪክስ ፕሮቲን የሚባለው። እኛ «ገበር» ብንለው የሚቀል ይመስለናል። የኮት ገበር ከውጭ አይታይም፤ ኮቱን ቅርጽ የሚያስይዘው ግን እሱ ነው።

ቫይረሱ ሕዋስ ውስጥ ከገባ በኋላ ክፍሎቹ የሚሠሩት በተለያየ ቦታ ነው። ክሩ በሕዋሱ ሆድ ውስጥ ይባዛል። እሾሆቹ ግን ሕዋሱ የራሱን ፕሮቲኖች በሚያመላልስበት መንገድ ተጉዘው ሕዋሱ ወለል ላይ ይወጣሉ። ታዲያ እነዚህን የተበታተኑ ክፍሎች አንድ ቦታ የሚሰበስባቸው ማን ነው? ገበሩ ነው። ማትሪክስ ፕሮቲኖች ከሕዋሱ ሽፋን በስተውስጥ ተለጥፈው እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። እ.ኤ.አ በ2018 የወጡ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተነሱ ምስሎች እንዳሳዩት፣ እንደተሠራ ሰሌን በረድፍ ተሰድረው ነው የሚገኙት። በአንድ ወገን ከሽፋኑ ወደ ውስጥ የገቡትን የእሾሆቹን ጭራዎች ይይዛሉ፤ በሌላ ወገን ክሩን ይጨብጣሉ፤ የክሩንም ሥራ ገታ አድርገው ለጉዞ ያሰናዱታል። ከዚያም ሽፋኑ ወደ ውጭ እብጥ ይላል። ከግንድ ላይ እንደሚወጣ ቡቃያ ያድጋል፣ አንገቱ ይቀጥናል፣ ይበጠሳል። አዲስ ቫይረስ ተወለደ ማለት ነው። ይህን አወጣጥ ባለሙያዎች ማቆጥቆጥ ይሉታል።

የገበሩን ጉልበት ለማወቅ ተመራማሪዎች ሌሎቹን የቫይረሱን ክፍሎች ትተው ማትሪክስ ፕሮቲኑን ብቻ በሕዋስ ውስጥ እንዲሠራ አድርገዋል። ውስጣቸው ባዶ የሆኑ፣ ቫይረስ የሚመስሉ ኳሶች ከሕዋሱ ወጡ። በኢቦላ ቫይረስም ቪፒ 40 የተባለው ማትሪክስ ፕሮቲን ብቻውን ይህንኑ ያደርጋል።

ገበሩ ሌላም ሥራ አለው፤ ወደ በሽታው የሚወስደንም ይኸኛው ነው። እሾሆቹ ሕዋሱ ወለል ላይ ሲቆሙ የአጠገቡን ጤነኛ ሕዋስ ይዘው ሁለቱን ወደ አንድ ማቅለጥ ይችላሉ። ገበሩ ጭራቸውን ስለያዘ ይህን ይገታዋል። ገበሩ ከተበላሸስ? ቫይረሱ በደንብ ማቆጥቆጥ ያቅተዋል፤ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ ግን ወደ ውጭ ሳይወጣ መሻገር ይችላል።

ኤስ ኤስ ፒ ኢ የሚባል የአንጎል በሽታ አለ። ሙሉ ስሙ ረጅም ስለሆነ ሐኪሞች ራሳቸው ያሳጥሩታል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ኩፍኙ ካለፈ ከስድስት እስከ አሥር ዓመት ቆይቶ ነው። ደህና ይማር የነበረ ልጅ ትምህርቱ ይከብደዋል፣ ይረሳል፣ ጠባዩ ይለወጣል። ወላጅም መምህርም ስንፍና ይመስላቸዋል። ቆይቶ ሰውነቱ በድንገት ይነዝረው ይጀምራል፤ መናገርና መራመድ ያቅተዋል። አብዛኞቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሞታሉ። የሚያድን መድኃኒት እስካሁን አልተገኘለትም።

እ.ኤ.አ በ1969 ከእንዲህ ያሉ ሕሙማን አንጎል የኩፍኝ ቫይረስ ተገኘ። በ1979 ደግሞ አንድ እንግዳ ነገር ታየ። የሕሙማኑ ደም የኩፍኝን ሌሎች ፕሮቲኖች በሚዋጉ ፀረ እንግዳ አካላት የተሞላ ሲሆን፣ ማትሪክስ ፕሮቲኑን የሚዋጋው ግን ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። በኋላ የቫይረሱ ዘር ሲነበብ ምክንያቱ ታወቀ፤ በአንጎል ውስጥ የቆየው ቫይረስ የማትሪክስ ፕሮቲኑን የሚሠራበት ክፍል ክፉኛ ተበላሽቷል። በ1998 በስዊዘርላንድ የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ማርቲን ቢሌተር፣ ሮቤርቶ ካታኔዮና ባልደረቦቻቸው ያለ ማትሪክስ ፕሮቲን የኩፍኝ ቫይረስ ሠርተው ሞከሩት። ወደ ውጭ የሚወጣው ቫይረስ እጅግ አነሰ፤ ሕዋሳትን እርስ በርስ ማቅለጡ ግን በረታ። በአይጦች አንጎል ውስጥም ከተለመደው ቫይረስ ይልቅ ጠልቆ ገባ።

ልብ በሉ፤ ፀረ እንግዳ አካላት ቫይረሱን የሚይዙት ከሕዋስ ወጥቶ ሲያገኙት ነው። እዚህ ቫይረሱ ስለማይወጣ በደም ውስጥ የሞላው መከላከያ በር ላይ ቆሞ ይቀራል። ቫይረሱ ግን ከአንዱ የነርቭ ሕዋስ ወደ ሌላው በውስጥ በኩል ይሄዳል።

በሽታው ብዙ ሰው የሚይዝ አይደለም፤ አድማጮቻችንን ማስደንገጥም አንፈልግም። ሆኖም በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የተሠራና በ2017 የታተመ ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ሆነው ኩፍኝ ከያዛቸው ልጆች ከ1,367 አንዱ፣ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ከያዛቸው ደግሞ ከ609 አንዱ ለዚህ በሽታ መዳረጋቸውን አሳይቷል። ሕፃኑ ባነሰ መጠን አደጋው ይብሳል ማለት ነው።

«ክትባቱም ሕያው ቫይረስ አይደለም ወይ?» የሚሉ ወላጆች አሉ፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ክትባቱ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው። ነገር ግን ከሕሙማን አንጎል የተገኙት ቫይረሶች ዘራቸው ሲመረመር የክትባቱ ሳይሆኑ ከሰው ወደ ሰው የሚዛመተው ኩፍኝ ሆነው ነው የተገኙት። ክትባቱ በተዳረሰባቸው አገሮችም ይህ የአንጎል በሽታ እየጠፋ ሄዷል።

በአገራችን የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት በዘጠኝ ወር ይሰጣል። ከ2011 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ በአሥራ አምስት ወር ሁለተኛ ተጨምሯል። በዘጠኝ ወር ከተከተቡ መቶ ሕፃናት ወደ ሰማንያ አምስት የሚሆኑት ብቻ ናቸው መከላከያ የሚያበጁት፤ ሁለተኛው የቀሩትን ለመድረስ ነው። ዘጠኝ ወር ያልሞላው ጨቅላ፣ አደጋው የሚብስበት እሱ ሆኖ ሳለ፣ ገና ተራው አልደረሰም፤ የሚከልለው የታላላቆቹና የጎረቤት ልጆች መከተብ ነው። የሁለተኛው ቀን ያለፈበት ልጅ ያላችሁ ካርዱን ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ጠይቁ።