ውጥረትን በመደበኛ የአካል ብቃት እንቅስቃሴ መቆጣጠር

ውጥረት ሰውነት ለሚገጥመው ጫና የሚሰጠው ተፈጥሯዊ ምላሽ ነው። የሥራ ጫና፣ የኑሮ ውድነት፣ የቤተሰብ ሕመም ወይም ሐዘን ሲያጋጥም አድሬናሊን እና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖች በደም ውስጥ ይጨምራሉ፤ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ የደም ግፊት ከፍ ይላል፣ ጡንቻዎችም ይወጠራሉ። ምክንያቱ ሲወገድ ሰውነት ወደ ቀድሞ ሁኔታው ይመለሳል። ጫናው ለሳምንታትና ለወራት ሲዘልቅ ግን እንቅልፍ ማጣት፣ ራስ ምታት፣ ቁጡነትና ትኩረት ማጣት ይከተላሉ። ውጥረትን ለማስታገስ በሚል አልኮል፣ ጫት ወይም ሲጋራ መጠቀም ለጊዜው ፋታ የሰጠ ቢመስልም እንቅልፍን ያውካል፤ ችግሩንም ያባብሳል።

እንቅስቃሴ እንዴት ይረዳል?

በውጥረት ጊዜ ሰውነት ለመሸሽ ወይም ለመታገል ይዘጋጃል። ተቀምጦ ለሚውል ሰው ይህ ዝግጅት መውጫ አያገኝም። ፈጠን ብሎ መራመድ፣ መሮጥ ወይም ብስክሌት መንዳት የተወጠሩ ጡንቻዎችን ያሠራል፤ ከእንቅስቃሴው በኋላም ትንፋሽና የልብ ምት ረግተው ሰውነት ይፍታታል። እንቅስቃሴ ኢንዶርፊን የተባሉትን ሕመምን የሚያስታግሱ ንጥረ ነገሮች መመንጨት ይጨምራል፤ እንቅልፍንም ያሻሽላል። ከጎረቤት ወይም ከሥራ ባልደረባ ጋር ሲሠራ ደግሞ ብቸኝነትን ይቀንሳል።

ምን ያህል ይበቃል?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ከባድ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመከራል። በተጨማሪም ቢያንስ በሳምንት 2 ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ያስፈልጋል። በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን መራመድ ዝቅተኛውን መጠን ያሟላል። እየተራመዱ መነጋገር ችለው መዝፈን የሚያቅትዎ ከሆነ እንቅስቃሴው መካከለኛ ነው። ከተመከረው መጠን ያነሰ እንቅስቃሴም ከምንም ይሻላል።

እንዴት ይጀመራል?

• በቀን 10 ደቂቃ በመራመድ ይጀምሩ፤ በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ ይጨምሩ።
• ታክሲ ወይም አውቶቡስ የሚጠቀሙ ከሆነ ከመዳረሻዎ አስቀድመው ወርደው ቀሪውን በእግርዎ ይሂዱ።
• የእርሻ ሥራ፣ ውኃ መቅዳትና የጉልበት ሥራም እንቅስቃሴ መሆናቸውን ያስታውሱ። በሥራ ለደከመ ሰው ዕረፍትና ቀለል ያለ ማፍታታት ይበልጥ ሊያስፈልገው ይችላል።
• ከቤት መውጣት የማይመች ከሆነ ቁጭ ብድግ ማለት፣ ገመድ መዝለልና ሰውነትን ማፍታታት በቤት ውስጥ ይቻላል።
• በጾም ወቅት ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ይምረጡ፤ ከበድ ያለውን ከተመገቡና በቂ ውኃ ከጠጡ በኋላ ያድርጉ።
• በሞቃታማ ቆላ አካባቢዎች ጠዋት ወይም አመሻሽ ይመረጣል። ከቆላ ወደ ደጋ የመጡ ከሆነ ሰውነትዎ ከፍታውን እስኪለምድ በዝግታ ይጀምሩ።

ጥንቃቄ

የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎችና ነፍሰ ጡር እናቶች ከመጀመራቸው በፊት የጤና ባለሙያ ያማክሩ። በእንቅስቃሴ ላይ ሳሉ የደረት ሕመም፣ ከፍተኛ የትንፋሽ እጥረት ወይም ራስ መሳት ካጋጠመዎ ወዲያውኑ አቁመው ወደ ሕክምና ተቋም ይሂዱ።

እንቅስቃሴ ብቻውን የማይበቃው መቼ ነው?

እንቅስቃሴ ሕክምናን ያግዛል እንጂ አይተካም። ሐዘን፣ ፍርሃት፣ ተስፋ መቁረጥ ወይም እንቅልፍ ማጣት ከ2 ሳምንት በላይ ከዘለቀ፣ ወይም የዕለት ሥራዎን ማከናወን ካቃተዎ፣ በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ባለሙያው እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ሆስፒታል ይልክዎታል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ የአባልነት መታወቂያዎን ይያዙ። ሕይወትን የማጥፋት ሐሳብ ያደረበት ሰው ቀጠሮ መጠበቅ የለበትም፤ ብቻውን ሳይተዉት ወዲያውኑ ወደ ቅርብ የጤና ተቋም የድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። የአእምሮ ሕመም እንደማንኛውም ሕመም የሚታከም በመሆኑ እርዳታ መጠየቅ የሚያሳፍር አይደለም።