ኑግን ከሜጭ መለየት፣ የዘሩን ጥራት መጠበቅ

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ በጅማ ዞን ቀርሳ ወረዳ፣ በሰርቦና በአካባቢዋ የማሳው ድንበርና የመንገዱ ዳር ቢጫ ይለብሳል። ለመንገደኛው ሁሉም አደይ አበባ ነው። ኑግ ለዘራ አርሶ አደር ግን ልዩነቱ ብዙ ነው፤ አንዱ ዘይት የሚጨመቅበት ሰብል ሲሆን፣ ሌላው ዘሩን የሚያበላሽ ሜጭ ነው። ሜጭ በአፋን ኦሮሞ ቱፎ ይባላል።

ኑግ፣ ሜጭ፣ አደይ አበባ፣ የሱፍ አበባና በየጓሮው የሚበቅለው ግራዋ የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው። በዚህ ቤተሰብ አንድ አበባ የምንለው የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው። በኑግ ላይ ዳር ዳሩን ብዙውን ጊዜ 8 ቢጫ የአበባ ቅጠሎች ይታያሉ፤ መሐሉ ላይ ከ40 እስከ 60 የሚደርሱ ጥቃቅን አበቦች ይታጨቃሉ።

ሜጭ የኑግ የቅርብ ዘመድ በመሆኑ በአበባው ቀለም ብቻ መለየት አይቻልም። ሦስት ምልክቶችን አብሮ ማየት ያስፈልጋል። አንደኛው ቅጠሉ ነው፤ የሜጭ ቅጠል በእጅ ሲዳሰስ ይሻክራል፣ የኑግ ግን ለስለስ ይላል። ሁለተኛው አበባውን ከሥር የያዙት አረንጓዴ ቅጠሎች ናቸው፤ የኑግ ሰፋ ያሉ ሲሆኑ የሜጭ ጠበብ ይላሉ። ሦስተኛው ፍሬው ነው፤ የኑግ ፍሬ ጥቁርና አንጸባራቂ ሆኖ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ የሜጭ ፍሬ ከዚያ ያንሳል።

«ከኑግ ጋር የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» ይባላል። ከኑግ ጋር የተገኘ ሜጭ ደግሞ አብሮ ታጭዶ፣ አብሮ ተወቅቶ፣ በሚቀጥለው ሰኔ አብሮ ይዘራል። ችግሩ በዚህ አያበቃም። ኑግ በራሱ ብናኝ አያፈራም፤ ንብ ከሌላ ተክል ብናኝ ልታመጣለት ይገባል። ንቧ ደግሞ ኑግና ሜጭ አትለይም። በየዓመቱ የሚበቅለው የሜጭ ዓይነት ከኑግ ጋር ስለሚዳቀል የተዳቀለው ፍሬ በዘርነት ይቀመጣል። ስለዚህ ሜጭ መነቀል ያለበት ሳያብብ ነው። ካበበ በኋላ መንቀል የዘንድሮውን ማሳ ያጸዳ ይሆናል እንጂ የከርሞውን ዘር አያድንም።

ለዘር የሚቀመጠውም ከማሳው ዳር ሳይሆን ከመሐሉ፣ ሜጭ ካልታየበት ቦታ ቢሆን ይመረጣል። ለአንድ ሔክታር ከ5 እስከ 10 ኪሎ ግራም ዘር ስለሚበቃ፣ ይህን ያህል በወንፊት አበጥሮ ማዘጋጀት ከአንድ ቤተሰብ አቅም በላይ አይደለም። ተክሉ ላይ እንደ ቢጫ ክር የሚጠመጠመው ኩስኩታ የተባለው ጥገኛ አረምም ዘሩ ከኑግ ጋር ይደባለቃል። አሜሪካ ለወፍ መኖ የምታስገባው ኑግ በሙቀት እንዲታከም የምታዝዘው በእንዲህ ዓይነቱ የአረም ዘር ምክንያት ነው።

ኑግ ከባሕር ወለል በላይ ከ1 ሺህ 600 እስከ 2 ሺህ 200 ሜትር ባለው ከፍታ ይስማማዋል። ውኃ የሚያቁር መሬትን ይቋቋማል፤ ከእሱ ቀጥሎ ለሚዘራው የብርዕ ሰብልም አረም የቀነሰበት መሬት ያስረክባል። ነገር ግን በአጎራባች የበቆሎ ወይም የጤፍ ማሳ ላይ የሚረጨው ቱፎርዲ በነፋስ ከደረሰበት ኑጉን እንደ አረም ይገድለዋል። አበባ ላይ እያለ ፀረ ተባይ መርጨትም ንቦችን ገድሎ ኑጉን ያለ ፍሬ ያስቀራል። የንብ ቀፎ በማሳው ዳር ያስቀመጠ አርሶ አደር ማርም ፍሬም ያገኛል።

በጅማ አካባቢ ሌላም ፈተና አለ። ኑግ የሚደርስበት ወቅትና የቡና ለቀማ ይገጣጠማሉ። የሰው ጉልበት ሁሉ ወደ ቡናው ሲሄድ፣ የደረቀው ኑግ ማሳ ላይ ይረግፋል። የአበባው ራስ ከቢጫ ወደ ቡናማ መለወጥ ሲጀምር ማጨድ፣ ነዶውንም ሸራ ላይ መከመር ፍሬውን ከብክነት ያድነዋል።

የወረዳና የቀበሌ ግብርና ባለሙያዎች ሥራ እንግዲህ ቀኑን ጠብቆ የሚሠራ ነው። ስለ ሜጭ የሚሰጠው ትምህርት ከመኸር በኋላ በስብሰባ አዳራሽ ከሚሆን፣ ሜጩ ሳያብብ ማሳ ላይ ሁለቱን ቅጠሎች በእጅ እያስዳሰሱ ቢሆን ይጠቅማል። ቅጠሉን አንድ ጊዜ የዳሰሰ አርሶ አደር በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው እንዲለይለት አይጠብቅም።