መርፌው ለምን አይቋረጥም?

ማታ ማታ አብረውን ፊደል ከሚቆጥሩት ጎረቤቶቻችን አንዱ ገበሬ ውሃ አልጠግብ አለ። ትምህርቱ ሳይጋመስ አንድ ቅል ውሃ ይጨርሳል። ለሽንት ይወጣል፣ ይገባል፣ እንደገና ይወጣል። ደህና ይበላል፤ ግን ይከሳል። ሽንቱ ላይ ጉንዳን ይሰበሰባል። ሰው «ቡዳ በልቶት ነው» አለ። እኛ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ምንም ሳይበላ ደሙ ሲመረመር ስኳሩ 380 ሆነ። ጤነኛ ሰው ሳይበላ ሲመረመር ከ100 በታች ነው። 126ና ከዚያ በላይ ተደጋግሞ ከታየ የስኳር በሽታ ይባላል።

ይህ በሽታ ስኳር በመላስ ብቻ የሚመጣ አይደለም። እንጀራውም፣ ቂጣውም፣ ድንቹም ሆድ ገብቶ ሲፈጭ ስኳር ይሆናል። ስኳሩ በደም ተጉዞ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ጉልበት ይሰጣል። በሩን የሚከፍትለት ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊን ከሌለ ስኳሩ ደም ውስጥ ተከማችቶ ይቀራል። ጎተራው ሞልቶ ቁልፉ ጠፋ ማለት ነው።

በ1914 ዓ.ም. ካናዳ አገር አንድ የ14 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንሱሊን ተወጋ። ከዚያ በፊት እንዲህ የታመመ ልጅ ብዙ አይቆይም ነበር።

ጎረቤታችንም መርፌውን ጀመረ። በሁለት ሳምንት ጥሙ ቆመ፣ ጉልበቱም ተመለሰ። «ድኛለሁ» ብሎ ተወው። እኛም ፊቱ ሲበራ አይተን ዝም አልን፤ ጥፋቱ የኛም ነው። በአራተኛው ቀን ያስመልሰው፣ በኃይል ይተነፍስ ጀመር። በቃሬዛ ተሸክመን ስናደርሰው ራሱን አያውቅም ነበር። ደግነቱ ተረፈ።

መርፌው በሽታውን አይነቅለውም፤ ይይዘዋል እንጂ። ስለዚህ ደህና ነኝ ተብሎ አይተውም። ኪኒን የታዘዘለትም ሰው ሐኪም ሳያዝ አያቋርጥ። ጠበል የሚሄድ መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ። መጾም የሚፈልግም አስቀድሞ ጤና ጣቢያ ይጠይቅ።

ምክንያቱም ሌላ አደጋ አለ። ተወግቶ ሳይበሉ እርሻ መዋል ስኳርን ከ70 በታች ያወርዳል። ሰውየው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይቀባጥራል። ሰው ሰክሯል ይለዋል። ቶሎ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ አጠጡት። በሩብ ሰዓት ካልተሻለው ድገሙለት፤ ሲሻለው ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አትስጡት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ወደ እርሻ ሲወጣ ስኳር በኪሱ ይያዝ።

ኢንሱሊን ፀሐይና ምድጃ አይወድም። ትንሽ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጡ። መሐሉን አሸዋ ሙሉትና ውሃ አርከፍክፉበት። ጠርሙሱን ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልላችሁ በትንሹ ማሰሮ ክተቱ። አሸዋው ሲደርቅ እንደገና አርጥቡት።

እንጀራ ፈጽሞ አይከለከልም። በአንድ ጊዜ የሚበላው ይቀነስ፤ ጎመኑና ምስሩ ይብዛ። ስኳር ያለው ሻይ፣ ማርና ጠጅ ግን ይቅር።

በሽታው ሲቆይ እግር ያደነዝዛል። እሾህ ቢወጋው፣ እሳት ቢለበልበው አይሰማም። ጫማ አድርጉ። ማታም መዳፍና ጣታችሁን በኩራዝ ብርሃን ተመልከቱ።

መርፌው ላይ ቁጥር አለ። 12 የታዘዘለት 21 ብሎ ቢያነብ ሊሞት ይችላል። ጎረቤታችን ሁለቱን መለየት የተማረው እዚሁ ማታ ትምህርት ላይ ነው። አሁን ሲወጋ ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ሚስቱም ፊደል ስለቆጠረች መርፌውን ተቀብላ ታየዋለች፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚወጋው።